ስለ ግራ እጅዎ

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 2001 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ካሳሁን፣

ከእኛ ቤት እስከ ጎማ ቤትዎ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ይሄ ልጅ በእግሩ መጥቶ አይናገርም ወይ፣ ምን ደብዳቤ ያስጽፈዋል ይሉ ይሆናል። መጥቼ ነበር። አንዴ ጎንበስ ብለው የአይሱዙ ጎማ ሲፈቱ ጀርባዎን አይቼ ተመለስኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ቀና ብለው አዩኝና ከዱካዎ ሊነሱልኝ ሲሉ፣ እንዳላየ ሰው ወደ መናኸሪያው ታጠፍኩ። ማየቴን አይተዋል። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ትናንት ሙሳ ባጃጁን የምናሰለጥንበት የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ አቁሞ አንድ ፌስታል ሰጠኝ። «ጋሼ ካሳሁን ለአንዱ ጎረምሳ ይሁን ብለዋል» አለኝና ዓይኔን ሳያይ ሄደ። ነጩ የቴኳንዶ ልብስዎ ነበር። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ቢጫው ቀበቶ ተጠቅልሎ መሃሉ ገብቷል። ስንት ጊዜ ቢታጠብ አልለቅ ያለው የጎማ ሽታ እንኳ ለቆታል። ምን ያህል እንዳሹት አሰብኩና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ መጥተው «ዛሬ ትምህርት የለም?» ሲሉኝ «የለም፣ ቀበሌው ስብሰባ አለበት» አልኳቸው። ስብሰባ አልነበረም። ውሸት አንዴ ከለመደብኝ ወዲያ እንዲህ ነው የምኖረው።

ጋሼ፣ ማስተር ናትናኤል አዲስ አበባ ሲሄድ «ተማሪዎቹን እስክመለስ ያዝልኝ» ብሎኝ እንጂ እኔ አስተማሪ ልሁን ብዬ አልነበረም። እሱም አልተመለሰም። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጢሜ እንኳ በደንብ አልበቀለም። ልጆቹን ማዘዝ አላስቸገረኝም። ያስቸገሩኝ ትልልቆቹ ናቸው። ሙሳ ያኔም ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ነው። ነርሷ ትዕግሥት ደግሞ በልጅነቴ የወባ መርፌ የወጋችኝ ናት። ማስተር ናትናኤል «ተሰለፍ!» ሲል አዳራሹ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ «እስቲ... ብንሰለፍ» ነበር የምለው። ትዕግሥት «ለማኝ አስመሰልከውኮ» ብላ ስቃብኛለች።

ይባስ ብሎ እርስዎ መጡ። ሐኪሙ ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ ይንቀሳቀሱ ብሎዎት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ኑርሃን የሰፋችልዎ ሱሪ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ሳይደርስ አልቋል። በሩ ላይ ቆመው ወገብዎን ሰበር አደረጉና ለእኔ እጅ ነሱ። «ማስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ አይሱዙ ይዞኝ ነው ያረፈድኩት» አሉኝ። አንቱ አሉኝ፣ ጋሼ! ከጎማ ቤትዎ የጎማ ቁራጭ ለወንጭፍ ስሰርቅ ይዘው ጆሮዬን ያዞሩት እርስዎ። ከዚያ በኋላ ራስዎ ቆርጠው የሰጡኝ፣ «ሁለተኛ ጠይቅ፤ ስትጠይቅ አልከለክልህም» ያሉኝ እርስዎ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። የማደርገው ቢጠፋኝ በር ላይ ያወለቁትን ጫማ ጎንበስ ብዬ ላስተካክል ስል «ኧረ ተው! ማስተር ጫማ አያነሳም» ብለው ተቆጡኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ስቄ አለፍኩት፣ ፊቴ ግን እስኪቃጠል ቀልቶ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ሰምታለች። መሪያምን ያውቋታል፤ ወሬ ከገበያ ቀድሟት ነው የሚገባው። «ካሳሁን አንተ ፊት ቆመ አሉኝ። ወላሂ አንድ ሰው እጁን ቢያሳርፍበት እዚህ ቤት እንዳትገባ» አለችኝ። በእናቴ ግን አላመካኝም። እሷ ባትለኝም አደርገው ነበር። በማግስቱ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስቤ «ጋሼ ካሳሁንን ማንም እንዳይነካ። ምት ስትሰነዝሩ ደረታቸው ጋ ሳትደርሱ መልሱት። እሳቸው ሲሰነዝሩ ሽሹ» አልኩ። ማንም ለምን አላለኝም። እንዲያውም ደስ አላቸው፤ ትልቅ ሰው አለመንካት ያደጉበት ነገር ስለሆነ ማስረዳትም አላስፈለገኝም።

ይኸው ነው ጋሼ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተመቱት ስለማይመቱ አልነበረም። እኔ አዝዤ ነው።

ሙሳማ አበዛው። እግርዎን ባነሱ ቁጥር «ኧረ ገደሉኝ!» እያለ ምንጣፉ ላይ ይዘረር ነበር። እርስዎ ደንግጠው እጁን ይዘው ሲያነሱት እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። አንድ ቀን በጎማ ቤትዎ ሳልፍ ለሾፌሮቹ «እስካሁን የነካኝ የለም፤ በዚህ ዕድሜዬ ታምናላችሁ?» ሲሉ ሰማሁ። ቁልፍ መፍቻውን አስቀምጠው፣ እግርዎን አንስተው አሳዩዋቸው። ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቼዎት አላውቅም። ስኳሩም ወርዶልዎት ነበር። ታዲያ ምን ጎዳ አልኩ። ትልቅ ሰው ደስ ካለው ምን ጎዳ።

ግን ግራ እጅዎን አይ ነበር።

በቀኝ እግርዎ ሲመቱ ግራ እጅዎ ይወርዳል። ከአገጭዎ ሥር መሆን ሲገባው ጭንዎ ጋ ይደርሳል፤ ጉንጭዎ ባዶውን ይቀራል። ያንን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አይቼዋለሁ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ እጁን ሲያወርድ በቀበቶዬ ጫፍ መታ አድርጌ «ከፍ!» እለዋለሁ። እርስዎ ጋ ስደርስ «በጣም ጥሩ ነው ጋሼ» ብዬ አልፋለሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ነገ ደግሞ ሰው ይሰማል። ብቻቸውን ሳገኛቸው እላለሁ፤ ብቻዎን ሳገኝዎ ደግሞ ስለ ልጅዎ ስለ ፋናዬ ስናወራ ጊዜው ያልፋል። ቢጫ ቀበቶውን እንኳ አንገቴን ደፍቼ ያሰርኩልዎ ለዚህ ነው። እርስዎ ክብር መስሎዎት ዓይንዎ እንባ አቀረረ።

ከዚያ የደብረ ሲናው መጣ። የወዳጅነት ውድድር ነው፣ ትልልቅ ሰዎችም ይግቡ ሲባል በጣም ደስ አለዎት፤ ፋናዬ እዚያ ስላገባች የልጅ ልጆችዎ ሊያዩዎት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ካፖርትዎን ደርበው «ቆላ የለመደ ሰው ብርዱ ነው የሚያሸንፈው እንጂ...» እያሉ ሁላችንንም አሳቁን። የዚያው አሰልጣኝ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ «አባትዮው ለማሳያ ብቻ ይውጡ ወይስ ይፋለማሉ? አንተ ነህ የምታውቀው» አለኝ። እርስዎ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ቀበቶዎን እያጠበቁ ያዩኝ ነበር። አይ፣ ለማሳያ ብቻ ማለት እችል ነበር። ቅር ይልዎታል እንጂ ሌላ ምንም አይሆኑም ነበር። «ይፋለማሉ፣ ጎበዝ ናቸው» አልኩ።

ባለጋራዎ መምህር ይልማ ክፉ ሰው አልነበረም። አርባ ዓመት የሞላው፣ ረጋ ያለ የስፖርት አስተማሪ። መጀመሪያ ሲሰነዝሩ አልሸሸም። ቆመ። እርስዎ ግራ ገብቶዎት ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ያ አስተያየት ከዓይኔ አይጠፋም። ሁለተኛ ሲሰነዝሩ እጅዎ ወረደ፣ እሱም ማንም እንደሚያደርገው በባዶው በኩል መታ። ሲወድቁ የተሰማው ድምፅ ሙሳ ሲወድቅ ከምሰማው ጋር አይገናኝም። ፋናዬ ነጠላዋን ጥላ ምንጣፉ ላይ ከነጫማዋ ገብታ «አባቴን! አባቴን ነው የምትመታው?» እያለች ይልማን በጥፊ ልትለው ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት መሃል የእኛም ልጆች ነበሩበት። እርስዎ በጉልበትዎ ተነሱ። ከንፈርዎ ደም ነበረው። ፋናዬን ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉና ለይልማ እጅ ነሱ። ከዚያ ዞረው ለእኔም እጅ ነሱ። ምነው ያን ጊዜ ቢሰድቡኝ።

ስንወርድ የአርማንያን ከተማ አለፍን። ብርዱ ለቆን ሙቀቱ ሲቀበለን ካፖርትዎን አወለቁና «ጀይላን» አሉኝ። ማስተር አላሉኝም።

«አቤት ጋሼ።»

«ያ መምህር ከጨረስን በኋላ ጠጋ ብሎ፣ አባቴ፣ ግራ እጅዎ ክፍት ነው፣ አሰልጣኝዎ አልነገርዎትም ወይ አለኝ። ታውቅ ነበር?»

እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «አላውቅም ጋሼ። እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።»

ረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ። ልጅ ሆኜ ኪሴ በጎማ ቁራጭ ተወጥሮ «አልወሰድኩም» ስልዎት ያዩኝ እንደዚያ ነበር። ያኔ ጆሮዬን አዞሩኝ። አሁን «እሺ ማስተር» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አዳራሹን አልረገጡም።

ጋሼ፣ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ይህንን ደብዳቤ ላልጽፍ እችል ነበር፤ እኔ ፈሪ ነኝ። ግን ባለፈው ሳምንት የአንዱ ተማሪ እናት ገበያ ላይ አገኘችኝ። ከደብረ ሲናው በኋላ ልጇን ከትምህርቱ ልታስወጣው አስባ እርስዎ ዘንድ ልትጠይቅ መጥታ እንደነበር ነገረችኝ። እርስዎም «ልጁ አስተምሮኛል፤ ሁልጊዜ እጅህን አንሳ ይለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ በእርጅናዬ ያልሰማሁት» አሏት አሉ። ለሾፌሮቹም እንደዚሁ ይላሉ አሉ። በእነዚያ በሚያብጠለጥሉዎት ሰዎች መሃል ተቀምጠው፣ እርጅናዬ ነው እያሉ የእኔን ስም ይጠብቃሉ። ሴትየዋ «አላህ ይጠብቅህ፣ ጥሩ አስተማሪ ነው አሉኝ» ስትለኝ የያዝኩትን ቲማቲም እዚያው ጥዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ለእርስዎ ካለኝ ክብር የተነሳ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው እርስዎን አይደለም ያከበርኩት። ትልቅ ሰው ሳርም ፊቴ እንዳይቀላ ነው። እርስዎ ስሰርቅ ጆሮዬን ሲያዞሩ አላፈሩም። እኔ ግን እጅዎን ከፍ ያድርጉ ማለት አሳፈረኝ። ለማንም ልጅ የማደርገውን ነው የነፈግኩዎ። እርስዎ ሊማሩ መጥተው እኔ ሳጫውትዎ ከረምኩ።

ልብሱን ለማንም አልሰጠሁትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬዋለሁ። ቀበቶውን ግን እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ያንን ቀበቶ አላገኙትም፤ እኔ ነኝ ዝም ብዬ ያሰርኩልዎ። በምትኩ የጀማሪውን ነጭ ቀበቶ ነው የላክሁት። እውነቱን ልነግርዎ ካልኩ ከዚህ ነው የምጀምረው።

ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ እንጀምራለን። ቢመጡም ባይመጡም ተማሪዎቹ ሁሉ ባሉበት የሰጠሁትን ትእዛዝ እናገራለሁ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያልኩዎትንም እናገራለሁ። ወላጆቻቸውም እንዲሰሙ ጠርቻቸዋለሁ። ልጆቻቸውን ቢወስዱብኝ የሚፈረደው በእኔ ነው እንጂ በእነሱ አይደለም። እርስዎ ግን ስለ እኔ መዋሸትዎን እንዲተዉልኝ ነው የምለምንዎ።

ከመጡ ጫማዎን በር ላይ እኔ አስተካክለዋለሁ። እንደፈለጉ ይቆጡኝ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ እርስዎ ከእኔ ፊት ይቆማሉ፣ ከሙሳ ጋር አይደለም። እኔም አልሸሽም።

ኢንሻአላህ ግራ እጅዎ ከወረደ እመታዎታለሁ።

ጆሮውን ያዞሩት ልጅዎ፣
ጀይላን