ምሳሽን ትተሽ የሠራሽልን ጣሪያ

ልጄ፣ የምትረግጪው መሬት ይለምልምልሽ፤ በገባሽበት ሁሉ እግዚአብሔር ቀድሞሽ ይግባ።

እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቴን ይላል እንጂ የስፌት መኪናው ላይ ሲቀመጥ ማን ይችለዋል! ጣሪያው ታድሶልናል፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ መደርደር ቀረ።

ባለፈው ጓደኛሽ አንቺ ካለሽበት መጥታ ልትጠይቀን ገብታ ነበር። ስትጫወት ሳታስበው ከአፏ አመለጣት፤ ለጣሪያው የላክሽው ገንዘብ ለካ ብድር ነው፤ እሱን ለመክፈል ምሳ መብላት ትተሻል። እሷን እንዳትቆጫት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ጣሪያውን ማየት አቃተኝ። በየእሁዱ «ተመስገን፣ ልጄ ተርፏት ላከችልኝ» ስል ከርሜያለሁ፤ ምኑ ተረፈሽና!

እግዚአብሔር ካለሽ ላይ ስጪ አለ እንጂ ተበድረሽ ስጪ መቼ አለ? አሥራት እንኳ ከደመወዝ ነው የሚወጣው፣ ከብድር አይደለም። ዕዳሽን እስክትዘጊ ለእኛ ምንም አትላኪ። የአባትሽ ስፌት አያስርበንም።

አምላክ እጅሽን ይባርክ፤ ከሰው ደጅ አያቁምሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደውዪልኝ። ድሮ አፍሽ ሞልቶ አታውሪ እያልኩ እቆጣሽ ነበር። አሁን እያኘክሽ አውሪኝ፣ ልስማው።

እናትሽ