«አርፈዋል» ያልኩበት ቀን

ይድረስ ለእታለም እሌኒ፣ ብቸና።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እያቃሰትሽ ነው ጎንበስ ቀና የምትዪው? አባባስ እንዴት ናቸው፣ ዓይናቸው ተሻላቸው? ቤዛ ልጅሽ ፊደል ቆጠረች? ወንድማችን ግሩምስ አደብ ገዛ ወይስ አሁንም ያበሽቅሻል? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ እማዬ ሕመም የላክሽልኝ አጭር መልእክት በታኅሣሥ ደርሶኛል፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ አብራኝ ለምትሠራው ለናጃህ ሻይ ጋብዣታለሁ። ከዚያ ወዲህ የእናንተ ስልክ ጨርሶ እምቢ ስላለኝ ይህንን በሰው እጅ ልኬዋለሁ። ስለ መልእክቱ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ብጀምረው ሌላውን መጻፍ ያቅተኛል።

እዚህ ቡታጅራ ክሊኒኩ በነርስነት ከገባሁ ጀምሮ «ያንቺ አማርኛ የጠራ ነው» እየተባልኩ የታማሚ ቤተሰብ ማነጋገር የእኔ ሥራ ሆኗል። ምን ልዋሽሽ፣ ልቤን ትንሽ አሳብጦት ነበር። በጥቅምት ደግሞ ወልቂጤ ድረስ ልከውኝ ስለ ተግባቦት ሥልጠና ወሰድኩ። አሠልጣኙ ቤተሰብን አትዋሹ፣ ለስለስ ያለ ቃል ምረጡ፣ ከዚያ ሰውየው የገባውን መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ ሲል አስተማረን። ወጥቼ ሠርቼ ሳሳይ አዳራሹ አጨበጨበልኝ። አይ ጭብጨባ!

ሃፊዛ የምትባል የመስቃን ገጠር ልጅ እናቷን እትየ ዘይባን እኛ ዘንድ አስተኝታ ስታስታምም ከርማ ነበር። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው፤ ሴቱን ከወንዱ ታምታታለች። እኔን «አንተ እህቴ» እያለች ትጠራኝና ሁለታችንም እስኪያመን እንስቃለን። በዚህ አገር፣ ቤትሽ እንዴት ነው፣ እናትሽ ደህና ናት ወይ ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ነበረች። የእናቷ ነገር ግን እየከፋ ሄደ፤ ማቃሰታቸው ሌሊቱን ሙሉ ነው። ሃፊዛ ልብስ ልታጥብ ወደ አገሯ ስትሄድ እጄን ይዛ «ዛሬ እንኳ ትንሽ ብታርፍልኝ፣ ዱዓ አድርግልኝ» አለችኝ።

እትየ ዘይባ ሊነጋጋ ሲል ሞቱ። እኛም አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አውቃለሁ። ድሮ ቢሆን «ትንሽ ከብዷቸዋል፣ ቶሎ ነዪ» እል ነበር። ግን አትዋሹ ተብያለሁ፣ ሰርተፊኬቱም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል! ሃፊዛ ራሷ ደውላ እናቴ እንዴት አደረች ስትለኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እናትሽ አርፈዋል፣ ሃፊዛዬ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ይኸው ነው። እኔ የአላህን ፍርድ በጸጋ ተቀበለች ብዬ በጽናቷ ተደነቅሁ። እሷ ለካ እናቴ በመጨረሻ እንቅልፍ ወሰዳት ብላ ነው። ምን ገባሽ ብዬ ሳልጠይቃት ስልኩን ዘጋሁት።

እዚሁ ከተማ ሱቅ ያለው ወንድሟ ሙባሪክ መጥቶ ሬሳውን ሲረከብ ሃፊዛስ አለኝ። ነግሬያታለሁ፣ እየመጣች ነው አልኩት። ስልኳን ቢሞክር ተዘግቷል። እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ጠበቋት፤ ከዚያ በላይ ማቆየት አልሆነላቸውም፣ ቀበሩ። እኔም መንገድ ላይ የሆነ ነገር ይዟት ይሆናል አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሃፊዛ ክሊኒኩ ደጅ ከባጃጅ ወረደች። ያጠበችውን ልብስ በፌስታል፣ የቡላ ገንፎ በሳህን ሸፍና ይዛለች። እንቅልፏን እንዳልረብሽባት ብዬ ነው የዘገየሁት አለችኝ እየሳቀች፤ ቀጥላም «አልተነሣችም እንዴ?» አለች። እታለም፣ ያን ሁሉ አማርኛዬን ምን እንደበላው እንጃ፣ ዓይኔን ብቻ ወደ አልጋው አዞርኩ። አልጋውን አየችው፤ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ናጃህ መጥታ በራሳቸው ቋንቋ ነገረቻት። ሳህኑን መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችውና «ፊቷን ሳላይ?» አለች። ምነው በሰደበችኝ!

ለቅሶ ሄጄ ነበር። ተነሥታ ተቀበለችኝና «ሲስተር፣ ይቀመጡ። እርስዎ ምንም አላጠፉም» አለችኝ። እርስዎ! ያቺ ሴቱን ከወንዱ የምታምታታ ልጅ አንዲት ፊደል ሳትሳሳት። «አንተ እህቴ» ብላ ብትጠራኝ እግሯ ሥር በወደቅሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፣ ስልኬንም አታነሣም።

የክሊኒኩ ኃላፊ ቃሉ ትክክል ነው፣ ጥፋት የለብሽም ይላል። ቃሉማ ትክክል ነው። አሁን መድኃኒት ከምግብ በኋላ ይውሰዱ ለማለት እንኳ እፈራለሁ፤ ገባዎት ወይ እያልኩ ደጋግሜ ስጠይቅ ታካሚዎቹ ደንቆሮ አደረግሽን ወይ ብለው ይቆጡኛል። ከሰው ጋር የማያነጋግር ሥራ ስጠኝ ብዬ ኃላፊውን ለምኜው ነበር፣ ሳቀብኝ። ተስፋ ቆርጫለሁ፣ እታለም። አፍ ባልነበረኝ እላለሁ።

አሁን ወደ መልእክትሽ ልመለስ። ለቅሶው ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ነው ትዝ ያለኝ፤ ስልኬን አውጥቼ አነበብኩት። «እማዬ አርፋለች፣ አይዞሽ» ነው የሚለው። ያኔ ሕመሙ ተዋትና ተኛች ብዬ ተመስገን አልኩ። ሻይ ጋበዝኩ። እታለም፣ የትኛውን ነው? አንቺ መርዶ በስልክ የምትልኪ ሰው አይደለሽም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን እኔም አልነበርኩም። ለስላሳ ቃል አልፈልግም፤ አለች ወይም የለችም ብለሽ ጻፊልኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ግሩምን እህትህ ናፍቃሃለች በዪልኝ፣ ቤዛንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤቶቹን ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልኝ። ለእማዬ ግን ምን ብዬ ሰላምታ እንደምልክ አላወቅሁም። ካለች፣ እጇን ይዘሽ ስሜን ጥሪላት።

እህትሽ ማዕዶት
ቡታጅራ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.