የፊት ግድግዳውን ብቻ ለምትወዱ የታሪክ ጠባቂዎች

ይድረስ ከሲያትል በስተደቡብ ላለችው ትንሿ ከተማችን የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ቦርድ ክቡራን አባላት፤

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከነስፌት መኪናዬ፣ ጎረቤቶቼም ከነመቀሳቸውና ከነወስፌያቸው፣ በዋናው መንገድ ላይ መቶ ዓመት ባለፈው የጡብ ሕንፃ ውስጥ ደኅና ነን፤ እስክታፈርሱት ድረስ።

አንደኛ፤ ከልብስ ስፌት ሱቄ በላይ ዐሥራ ሦስት ዓመት የኖረውን የአማርኛ ታፔላ «ከሕንፃው ታሪክ ጋር አይሄድም» ብላችሁ ባለፈው ዓመት እንዳወርደው ስላዘዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ታሪክ አለመሆኑን ከእናንተ ተማርኩ። አወረድኩት። በማግስቱ ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ከሊንውድ ቀሚሷን ልታስጠብብ የመጣች ሙሽራ ሱቄን አጥታ አካባቢውን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ከተማችንን በደንብ ስላስጎበኛችሁልኝም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሁለተኛ፤ ባለፈው መጋቢት ለታሪክ ያላችሁ ፍቅር እጅግ ስለጠናባችሁ፣ የፊት ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ከኋላው ያለው ሁሉ ፈርሶ ባለ ስድስት ፎቅ አፓርታማ እንዲሠራ ፈቀዳችሁ። በስብሰባው ላይ ለጫማ ጠጋኙ ለጋሽ ተክለ ጻድቅ የሁለት ደቂቃ የመናገሪያ ጊዜ ስለሰጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዷን ደቂቃ የልጅ ልጃቸው የሃሴት ትርጉም ወሰዳት። እኚህ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት፣ በረዶ ጣሪያውን በተጫነው ክረምት ከፀጉር አስተካካዩ ከአሕመድ ጋር ሆነው የተሰነጠቀውን የጣሪያ ወራጅ እንጨት በምሰሶ ደግፈው ሕንፃውን ያተረፉ ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው «ጌቶቼ፣ ያኔ የደገፍነው እኛ ነን። እኛን ካስወጣችሁ ግድግዳውን ማን ይደግፈዋል?» አሉ። ክቡር ሰብሳቢው ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ብረት» ሲሉ መለሱ። ሃሴት ያንን ለመተርጎም አፈረች፤ አያቷ ግን ገብቷቸው ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። በስብሰባው ማግስት ጠዋት ጋሽ ተክለ ጻድቅ መሰላል ተሸክመው መጡና «ሙሉወርቅ፣ ታፔላሽን አምጪው» አሉኝ። አሕመድ መሰላሉን ያዘልኝ፤ ወጥቼ ሰቀልኩት። ከዚያም ሦስታችን ይግባኝ አልን፤ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ፈረመልን፤ ይግባኝ ሰሚውም ውሳኔ እስኪሰጥ አንድ ጡብ እንዳይነካ ባለፈው ሐሙስ አገደ። ስለዚህ ክቡራን ሆይ፣ ታፔላው አይወርድም። እኛም አንወጣም።

ትእዛዛችሁን አንድ ጊዜ አክብራ የጠገበች፣ ሱቋን በየጠዋቱ በሰዓቱ የምትከፍት፣

ሙሉወርቅ ይርጉ፣ ልብስ ሰፊ

ሳልረሳው፦ ሕንፃው እንደሚፈርስ የሚገልጸውን ወረቀት የለጠፋችሁበት ሙጫ የጥንቱን የእንጨት በር ቀለም ልጦታል። ታሪካዊ በር ማበላሸት በደንባችሁ የተከለከለ ስለሆነ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንድታድሱት በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።