ፈረስህን እየገራሁት ነው

ይድረስ ጎንደር ለሕክምና ለተኛኸው ለወንድሜ ለላቀው፤

ሰላምታዬ ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይዳረስ። እኛ ደባርቅ ላይ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ከጃናሞራ ያመጣኸውን ፈረስ መግራት ከጀመርሁ ሁለት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ሁለቴ ጥሎኛል። ከሊማሊሞ የሚወጣ የጭነት መኪና በሰማ ቁጥር ስለሚደነብር፣ ይህስ ለጥምቀት አይደርስም ብዬ ልተወው ነበር። ግን እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ። የካህናቱን ጃንጥላ እንዳይፈራ በየማለዳው የአባባን ጃንጥላ ፊቱ ላይ እየዘረጋሁና እያጠፍሁ አለማመድሁት። አሁን ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም፤ ሶምሶማውም አምሮለታል።

ትናንት እማማ አጥሩን ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና፣ «ለማን ብለሽ ነው ይህን ያህል የምትደክሚው?» አለችኝ።

«ለባለቤቱ ነዋ!» አልኋት።

ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

ስለ ግራ እግርህ ሐኪሞቹ ምን አሉ ብዬ አልጠይቅህም፤ ባትነግረኝም ግድ የለም። ከሰኞ ጀምሮ የግራውን እርካብ ፈትቼ አስቀምጬዋለሁ። በቀኝ በኩል እወጣለሁ፣ በቀኙ እርካብ ብቻ እጋልባለሁ። ፈረሱ ለምዶታል፤ እኔም እስካሁን አልወደቅሁም።

ለጥምቀት ልጓሙን ይዤ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ ዘቢደር