ምድር ቤት የወረደው አባትህ

ልጄ ሪማንታስ፣ በሰው አገር መውጫ መግቢያህን መልአክ ይጠብቅልኝ፤ እንጀራህም የሰላም ይሁን። እኛ እዚህ ቢርዣይ፣ አገር ቤት፣ ደህና ነን። አጃው ታጭዶ ገብቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

አባትህም አሁን ተሽሎታልና አትደንግጥ። ለእህትህ ሰርግ ብሎ ምድር ቤት ውስጥ ትልቁን በርሜል ቢራ ጠንስሶ፣ ብርድ እንዳይገባ መስኮቷን በጨርቅ ወትፏት ነበር። እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጎረቤታችን ክሌመንሳስ ሊቀምስ መጣ። አባትህ ሊቀዳለት ወረደ፤ ግን ሳይመለስ ቆየ። ከደረጃው ላይ ሆኜ ሳይ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ልሮጥ ስል ክሌመንሳስ ክንዴን ያዘኝ።

«ብሮንያ፣ አንቺም ከወደቅሽ ማን ያወጣሻል? ቢራው ሲብላላ የሚተፋው አየር ይገድላል» አለኝ።

መስኮቷን ከውጭ ሰበረ፤ ወገቡን በገመድ አስሮ ጫፉን አስጨበጠኝና ትንፋሹን ይዞ ገባ። አባትህን እየጎተተ አወጣው። አባትህ ዓይኑን ሲገልጥ፣ «ቢራው ገና ስኳር ስኳር ይላል፣ ጥቂት ቀን ይቆይ» አለ። ክሌመንሳስ ሳቀ።

አንተም ደብሊን በዚያች ጠባብ ክፍል አልጋህ አጠገብ እንደምትጠምቅ እህትህ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ተው አልልህም፤ የአያትህ ሙያ ነው። ብቻ በርሜሉን ከመኝታህ አርቅልኝ፤ እስክታርቀው ድረስ መስኮቱን ከፍተህ ተኛ። ብርዱን በሹራብ ትችለዋለህ። እንዳራቅኸውም ደውለህ ድምፅህን አሰማኝ።

አባትህን ያተረፈልኝ አምላክ አንተንም ያቆይልኝ።

እናትህ ብሮንያ