በአባየ ስም የተከፈተው አካውንት

ለተወደድሽው ታላቅ እኅቴ ለእታለም ብርነሽ፤ ኩዌት።

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? የምትጦሪያቸው አሮጊት ከሆስፒታል ወጥተው ከሆነ ሥራው እንደገና አንቺ ላይ መክበዱ አይቀርምና፣ እባክሽ ብቻሽን አታንሻቸው። እንቅልፍሽስ? ምግብሽስ? ባለፈው በላክሽው ፎቶ ፊትሽ ከሳ ብሎ ታይቶናል። እማየ ፎቶው ነው እንጂ እሷስ አልከሳችም እያሉ ራሳቸውን ሲያጽናኑ ሰንብተዋል።

እኛ በቸርነቱ አለን። ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ ስለገባ አባየ የድንቹን መሬት ደግመው አርሰውታል። በጎቹ ወልደዋል። እኔም በላክሽልኝ የስፌት መኪና እየሠራሁ ነው። ከፋሲካ ወዲህ የሠርግ ልብስ ስለበዛ እግሬ ከመርገጫው አልወረደም። በተቀመጥሁ ቁጥር አንቺን አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ግን ከመኪናው የሚበልጥ ምስጋና አለብኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ታናሽ ወንድማችን ስለ ይርጋ ነው። የደወለልሽ ዕለት እምቢ ብለሽው ስልኩን ከዘጋሽ ወዲህ የሆነውን ሁሉ በቁርጥራጭ ነው የሰማሽው። በስልክ ልነግርሽ ብሞክር መስመሩ እየተቆረጠ አስቸገረኝ። ጎረቤታችን ዙለይካ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው መመለሷ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጽፌ በእጇ ሰድጄልሻለሁ።

ይርጋ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ እዚህ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ መቀመጡን ታውቂያለሽ። በዚህ መሀል በስልኩ ስሎት የሚባለውን ጨዋታ ለመደ። ሥዕሎች ይሽከረከራሉ፤ ሲቆሙ ከገጠሙ ይከፍላል፣ ካልገጠሙ ያስያዝሽውን ይበላል። የጨዋታው ድርጅት ለአዲስ ተጫዋች ቦነስ የሚባል ማስጀመሪያ ገንዘብ ይሰጣል፤ በየሳምንቱም ውድድር አለው፤ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ይሸለማል። ይርጋ የራሱን ቦነስ ጨርሶ ነበር። አባየ የጤና መድናቸውን እንዳሳድስላቸው የቀበሌ መታወቂያቸውን እኔ ዘንድ ትተውት ነበርና፣ እሱን ፎቶ አንሥቶ በስማቸው ሌላ አካውንት ከፈተ። አዲስ ቦነስ አገኘ፤ በዚያው ወደ ውድድሩ ገባ፤ ሳይታሰብ ከፊተኞቹ ተርታ ወጣ።

ሽልማቱን ሊያወጣ ሲል ድርጅቱ ጠረጠረ። ባለ አካውንቱ መታወቂያውን ይዞ ቅዳሜ በቪዲዮ ይቅረብ፣ የተጫወተው ራሱ መሆኑንም በቃሉ ያረጋግጥ የሚል መልእክት ላከ። ለአንቺ የደወለው ያን ጊዜ ነው። ብርነሽ ገንዘብ ልካለች፣ ለመቀበል ካሜራ ፊት ቀርቦ አዎ ማለት ብቻ ነው ብሎ አባየን ሊያመጣቸው አስቦ፣ አንቺም ደውለሽ እንዲያ እንድትያቸው ለመነሽ። የመለስሽለትን እሱው ነው የነገረኝ፦ “በኔ ስም አባየን አታታልልም። እስከ ዓርብ እውነቱን ራስህ ንገራቸው፤ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ።”

አኮረፈሽ። እራት ሲቀርብለት አልራበኝም ይላል። ኩዌት ሄዳ ልቧ ደነደነ አለኝ። ልቧ ቢደነድን ይህን ጫማ ማን ይገዛልህ ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ እግሩን አየና ዝም አለ። ዓርብ ማለዳ ግን ሳይነግረኝ ተነሥቶ ወደ ጋሳይ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ፤ ከዚያ ሽቅብ ያለውን ዳገት በእግሩ ወጥቶ እነአባየ ቤት ደረሰ።

እማየ እንደነገሩኝ አባየ ከማሳው ድንጋይ ሲለቅሙ ነው ያገኛቸው። እሱም አብሮ እየለቀመ ነገራቸው። አልጮሁበትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ ይህን ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል አሉት። ብርነሽ ብሎ አንቺን ጠራ፤ ምን እንዳልሽው ግን አልነገራቸውም። ቅዳሜ ሁለቱም ወረዱ። አባየ ከስፌት ቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ደንቡን እኔ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ይርጋ ረጅም ነው፣ ማንም አያነበውም አለ። እሳቸውም የማንን ደንብ በምን እንደጣስን ሳናውቅ ምን ብለን እንቀርባለን አሉት።

አነበብሁላቸው። አማርኛው ጠማማ ቢሆንም ሐሳቡ ግልጽ ነው። ለአንድ ሰው አንድ አካውንት፣ ለአንድ ቤትና ለአንድ ስልክ አንድ ቦነስ። በሌላ ሰው ስም የተገኘ ሽልማት ይሻራል። የቦነሱ ገንዘብ የተባለውን ያህል ደጋግመው ካልተጫወቱበት አይወጣም፤ እስኪያልቅም ድረስ በአንድ ጊዜ ከተወሰነው በላይ ማስያዝ አይቻልም። በውድድሩ ደግሞ ሰው ሳይነካው በራሱ የሚጫወት ፕሮግራም ማስገባት፣ ስልክን ለሌላ ሰው ማቀበልም ክልክል ነው።

ስልክ ማቀበል የሚለው ላይ ስደርስ ይርጋ ራሱን አከከ። ሲደክመው ጓደኛው ዋልልኝ ይጫወትለት ኖሯል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እሱ ለዋልልኝ። ወንፈል በሉት እንጂ ሌብነት አይደለም አለ። አባየ ሳቃቸው መጣ። “ወንፈልማ በሬህን ነድተህ፣ ሰው እያየህ፣ አንተው ነህ የምትወጣ” አሉት። ይርጋ በዚህ አልቆመም፤ የአባቴን ስም ብጠቀም የባዕድ ስም አልሰረቅሁ ብሎ ተከራከረ።

“ያንቱ ስም እኮ ሁለተኛ ስሜ ነው፣ አባየ” አላቸው።

“ሁለተኛ ነው። ሲጠሩህ ቀድሞ የሚመጣው የራስህ ስም ነው፤ አቤት የምትልም አንተ ነህ።”

ከዚህ በኋላ ይህን ሁሉ እስማማለሁ ብለህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ሳላነበው ተጫንሁት እንጂ አለ። በምን ተጫንኸው አሉት፤ በአውራ ጣቴ አለ። እንግዲያ ፈርመሃል ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

የቪዲዮው ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ከክር ማስቀመጫው ላይ አስደግፌ አቆምሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይርጋ እዚያች ሰዓት ላይ እንኳ ተስፋ አልቆረጠም ነበር። ጎንበስ ብሎ አዎ ቢሉ ማን ይጎዳል ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰምቼዋለሁ። አባየም ሰምተዋል። ያቺ ሽልማት ብትገኝ ዓመቱን ሙሉ የማንንም እጅ እንደማያይ ያውቃሉ፤ ልጃቸው በእኔ ቤት እንግዳ መሆኑ እንደሚያሳፍረውም ያውቃሉ። ደዋይዋ ወጣት ናት፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው። አባቴ ብላ ሰላምታ ሰጥታ፣ አካውንቱ የእርስዎ ነው ወይ፣ የተጫወቱትስ እርስዎ ራስዎ ነዎት ወይ አለቻቸው።

አባየ ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው፣ “ስሙ የኔ ነው፤ መልኩም የኔ ነው። የተጫወትሁት ግን እኔ አይደለሁም። ሳላውቅ የተከፈተ ነውና ዝጉልኝ” አሉ።

ማን ተጫወተ ስትላቸው ዝም አሉ። ወደ ይርጋም አልዞሩም። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ይርጋ ሌላ በርጩማ ስቦ ከአጠገባቸው ተቀመጠና ፊቱን ከፊታቸው ጎን አስገባ። “እኔ ነኝ። ልጃቸው ነኝ” አለ።

ልጅቱ አልተቆጣችም። ሽልማቱ መሻሩን፣ ሁለቱም አካውንቶች መዘጋታቸውን፣ የአባየ ስምና መታወቂያም ከመዝገባቸው እንደሚሰረዝ አስረዳች። ስትጨርስ፣ የሥራዋ ደንብ ሆኖ ነው መሰል፣ ወደፊት ቦነስ ሲኖር መልእክት እንዲደርስዎት ይፈልጋሉ ወይ አለቻቸው። “ይቅርብኝ ልጄ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አሁንም ቦነስ ላይ ነኝ” አሏት። እስክትሰናበተን ድረስ ስትስቅ ነበር።

እኔ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አባየ ግን እሑድ አብረን ወደ መንደር እንድንወጣ አዘዙን። በዚያ ዕለት የመንደራችን ሰዎች እሸቴና ሙላቴ በግጦሽ ወሰን ተካሰው ለአባየ ዳኝነት ተቀጣጥረው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ነገሩ ሳይከፈት ቆመው ተናገሩ። ልጃቸው በስማቸው ቁማር እንደተጫወተ፣ እሳቸውም ቀርበው እንዳዘጉ፣ እንዲህ የሆነን ስም ይዞ በሰው መካከል መፍረድ የማይመቸው ካለ ሌላ ሽማግሌ ቢመርጥ እንደማይቀየሙ ነገሯቸው። ይርጋ ከኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ለአባየ ያቺ ወንበር ምን እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያገር ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራው የእሳቸውን ስም ነው።

በመጀመሪያ እሸቴ ተነሥቶ፣ “አያ ገብረ ማርያም፣ ለመሆኑ አሸንፈው ነበር ወይስ ተሸንፈው?” አላቸው።

“አሸንፈሃል ብለውኝ ነበር።”

“አሸንፈው ከመለሱማ ይቀመጡልን” አለ። ሙላቴም ባላጋራው ቢሆንም ይቀመጡ አለ። ሰዉ ሳቀ፤ በስተርጅና ቁማርተኛ ሆኑብን እያሉ ያሽሟጥጧቸው ጀመር። አባየ ተቀመጡና የወሰኑን ነገር ጠየቁ። ይርጋ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ግን እሱም ይስቃል።

አብረውሽ ከሚሠሩት መካከል እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚጫወቱ እንዳሉ ነግረሽኛል። ባይነኩት ደስ ይለኛል። ከነኩት ግን በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው እጅ ይሁን። የጓደኛ መታወቂያ አይዋሱ፤ በአንድ ቤት ተሰብስበው ለየራሳቸው ቦነስ አይጠይቁ። እስማማለሁ ከማለታቸው በፊት ቦነሱ መቼ እንደሚወጣ፣ እስከ ስንት ማስያዝ እንደሚፈቀድ ያንብቡ። ያልገባቸውን ድርጅቱን ይጠይቁ፤ ጥያቄ አያስቀጣም።

ይርጋ ሙሉ በሙሉ ተወው ብዬ አልዋሽሽም። እጁ ወደ ስልኩ ሲሄድ አያለሁ። ግን ድርጅቱ ዳግመኛ እንዳያስገባው በራሱ ፈቃድ አመልክቷል፤ እኔ ዘንድ ልኬት እየወሰደ የተሰፋውን ያደርሳል፤ ለሥራም መመዝገብ ጀምሯል።

የእሑድ ለት ስንመለስ አባየ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙን። ለይርጋ የመለስሽለትን ቃል ያን ጊዜ ነው እኔ የነገርኋቸው። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። “ብርነሽ ገንዘቡ የኔ ነው ብትለኝ ኖሮ አዎ ብዬ ነበር” አሉ። “የተጫወትሁት እኔ ነኝ በል ቢሉኝም እል ነበር። እሷ ካለችኝማ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?” ቀጥለው ምንም አላሉም፤ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ መልሰው ሄዱ። እኔም ለዚህ ነው እታለም፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንቺን ያመሰገንሁት።

አባየ እግዚአብሔር እንደ ቃልሽ ያጽናሽ ይሉሻል። እማየ በእንባ ይስሙሻል፤ በዙለይካ እጅ የላኩልሽን የገብስ በሶ ለብቻሽ እንዳትጨርሺ፣ ለአሮጊቷም በጥብጠሽ እንድትሰጫቸው ብለዋል። ይርጋ ራሱ ሊጽፍልሽ ይፈልጋል፤ ገና ስለሚያፍር ጫማውን ፎቶ አንሥቶ ልኮልሻል። ዋልልኝም እኔንም ይቅር በይኝ ይላል። አብረውሽ ላሉት እኅቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን በየስማቸው አድርሺልኝ። ዙለይካንም ደብዳቤውን በደኅና ስላደረሰችልን አመስግኚያት።

ታናሽ እኅትሽ ሰውነት ገብረ ማርያም
ደብረ ታቦር፣ ግንቦት ፱ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.