መብራት ነው ሞተር?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ልብስ አጠብኩ። መብራት ሁለቴ ሄደ። ሁለቴም የአባዬ የኦክስጅን ማሽን ጮኸ፣ እኔና እማዬ ሮጠን ሲሊንደሩን ሰካንለት። ሲሊንደሩም እያለቀ ነው... አጎቴ ጀነሬተር ገዝቷል፣ ነገ ይመጣል ተባለ። ምን ይመስል ይሆን?

ረቡዕ፣ የካቲት 5
መጣ። ቀይ ነው። አጎቴ ይዞት የመጣው ኤሌክትሪሺያን ጭሱ አባዬ ክፍል እንዳይገባ ብሎ ግቢው ጥግ ላይ አስቀመጠው። ሽቦ ሲዘረጋ ከኋላው ቆሜ ዋልኩ። ልጠይቀው ፈልጌ... አፌ ተያዘ።
"አይዞሽ፣ አይናከስም" አለኝ። ፊቴ ጋለ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ጉድ ነው የሆነው! አጎቴ ገመዱን ሳበ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ቤቱ በራ። እማዬ ከጓዳ "መብራት መጣ!" አለችና እንደ ልማዷ ምድጃውንም ካውያውንም ሰካች። ጀነሬተሩ አቃሰተ፣ አቃሰተ... ጸጥ። የአባዬ ማሽንም አብሮት ጸጥ። ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። ሲሊንደሩን የሰካሁለት እኔ ነኝ።
"ምነው እህት ዓለም፣ ሞተር እኮ ነው!" አለ አጎቴ።
"ታዲያ ቤቱ ሲበራ መብራት መጣ አይባልም?" እማዬ አለቀሰች።
እውነቷን ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ዓርብ፣ የካቲት 7
ኤሌክትሪሺያኑን ጠየቅኩት! በገዛ አፌ!
"ለምን አቃሰተ?"
"አንድ ጆንያ የሚችል ሰው ላይ ሦስት ብትጭኚበትስ? ስሚው እስቲ።"
ፍሪጁን ሰካ፤ ድምፁ ወፈር አለ። ነቀለ፤ ቀለል አለ። ከዚያ እኔ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ...
"ኧረ ልጅቷ ቤንዚኑን ጨረሰችው!" አጎቴ ነው።
ድምፁን ብቻ ሰምቶ ቤት ውስጥ ምን እንደተሰካ ማወቅ ይቻል ይሆን?

እሑድ፣ የካቲት 9
ይቻላል።
መብራት ሄደ፣ አጎቴ ሞተሩን አስነሳ። እኔ አባዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ፍሪጅ... እሺ። ቴሌቪዥን... እሺ። ድንገት ድምፁ ወረደ፣ ያ ማቃሰት ጀመረው። ምድጃ!
"እማዬ! ሞተር ነው! ምድጃውን ንቀይ!"
ሞተሩ እፎይ አለ። የአባዬ ማሽን አልቆመም።
እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ መጣች። "ማነው እንዲህ የጮኸው?"
አባዬ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ፣ "ልጅሽ ናት። ድምፅ አላት ለካ" አለ።
ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ፣ "እኛም ምድጃችንን ነቅለናል!" ብላ ሳቀች።
አላፈርኩም። ማለቴ... ትንሽ ብቻ።